ሞልዱን ቀስ ብሎ ማንሳት

ባለማሽኗ፦ ነገሩ አጭር ነው። እዚህ አንጋጫ ላይ ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ብሎኬት አመርታለሁ። ማሽኑ ሞልዱን ሲያነሳ ይመነጭቀዋል፤ እርጥቡ ብሎኬት ጠርዙ ይፈርሳል፣ አንዳንዱም ከመሀሉ ይሰነጠቃል። የዘይት ቫልቩ ይቀየር አላችሁኝ፣ እሺ አልኩ። በምን ይቀየር ሲባል ግን ለየቅል ሆናችሁ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነገር ገንዘብ የማወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መሐንዲሱ፦ አሁን ያለው ቫልቭ ዝግና ክፍት ብቻ ነው የሚያውቀው። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስፑሉ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ተንሸራታች ዘንግ፣ በአንዴ ጥግ ድረስ ይሄድና ፓምፑ የሚሰጠው ዘይት በሙሉ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ፕሮፖርሽናል ቫልቭ ከመቆጣጠሪያ ካርድ በሚላክለት ከረንት ልክ ነው የሚከፍተው። ሞልዱ ከብሎኬቱ እስኪላቀቅ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል ደግሞ እንደገና በዝግታ። እትዬ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

መካኒኩ፦ ይህንኑ መሆኑ አያጣላንም። ግን ለዚህ ሁለት ፍጥነት ይበቃል። ሁለት ተራ ቫልቭ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ በአንዱ መስመር ላይ በእጅ የሚጠመዘዝ ማጥበቢያ አገባበታለሁ። መጀመሪያ ጠባቡ ይከፈታል፣ ሞልዱ ሲላቀቅ አንድ ሊሚት ስዊች ሰፊውን ይጨምራል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ያንተን ቫልቭና ካርድ ዋጋ አይደርስም። ሲበላሽ ደግሞ ሆሳዕና ወርጄ እፈልገዋለሁ፤ ካጣሁ መርካቶ አገኘዋለሁ።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ማጥበቢያውን በየትኛው ሞልድ ልክ ነው የሚያስሩት? የሦስቱ ክብደት አንድ አይደለም። የብሎኬቱ ፑሚስ እርጥብ ሲሆን የሚይዘው ሌላ ነው፣ ሲደርቅ የሚይዘው ሌላ ነው። በኔ መንገድ ለሦስቱም ሞልድ ሦስት ቅንብር ተቀምጦ በቁልፍ ይመረጣል።

መካኒኩ፦ እስቲ አንቺ ንገሪው፤ ሞልድ በስንት ጊዜ ነው የምትቀይሪው?

ባለማሽኗ፦ ትዕዛዝ ነው የሚወስነው። በሳምንት አንዴ ከቀየርን ብዙ ነው።

መካኒኩ፦ እንግዲህ በሳምንት አንዴ ማጥበቢያዋን በመፍቻ ግማሽ ዙር ማዞር ያቅተናል?

መሐንዲሱ፦ ግማሽ ዙር መሆኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ዱራሜ ሥራ ሄደው ሳለ ሞልድ ቢቀየርስ? ሠራተኞቹ ልጆች አጥብቀው ይተዉታል ወይም ከልክ በላይ ይከፍቱታል፤ በማግስቱ ያው መመንጨቅ ይመጣል።

መካኒኩ፦ ያንተ ቁጥርስ የት ነው የተቀመጠው? ካርድ ውስጥ ነው። ካርዱ ሲቃጠል አንተ የት ትገኛለህ? እኔን ዱራሜ ድረስ መጥቶ መጥራት ይቻላል። የማሽን ኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ አንተም ታውቃለህ።

መሐንዲሱ፦ ልክ ነው። ስለዚህ ካርዱ ጀርባው ላይ የታሸገበትን ቫልቭ አልመርጥም። እሱ ያምራል፣ ሽቦው ያንሳል፣ ግን ዘይት፣ ሙቀትና ንዝረት ባለበት ቦታ ነው የሚቀመጠው። የብሎኬት ማሽን ደግሞ ሥራው መንቀጥቀጥ ነው። ኮይል ብቻ ያለውን ቫልቭ እወስድና ካርዱን ከማሽኑ ርቆ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ። ካርዱ ቢቃጠል ካርዱ ብቻ ይቀየራል። እስኪመጣም ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ ተጭኖ ሞልዱን ማውረድ ይቻላል።

መካኒኩ፦ ማውረድ እንጂ ማምረት አይደለም። የኔ 220 ኮይል ቢቃጠል አስጠቅልለዋለሁ።

መሐንዲሱ፦ ለምን እንደሚቃጠልስ ያውቃሉ? ስፑሉ በቆሻሻ ተይዞ መንገዱን ሳይጨርስ ሲቀር ነው። የኤሲ ኮይል ብረቱ እስከ መጨረሻው ካልተሳበለት ከፍተኛ ከረንት እየወሰደ ይነዳል። የፕሮፖርሽናሉ 24 ቮልት ዲሲ ነው፤ ስፑሉ ቢያዝ እንኳን ኮይሉ በዚያ ምክንያት አይቃጠልም። እርስዎ በየጊዜው የሚያስጠቀልሉት ኮይል የሚነግርዎት ስለ ዘይቱ ነው።

መካኒኩ፦ ወደ ዘይቱ መምጣትህ ጥሩ ነው። እኔ የያዝኩት ዋናው ነገር እሱ ነው። ባለፈው ይህን ቫልቭ ፈትቼ ስፑሉን በጨርቅ ጠርጌ አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን ቀጭን ጭረት አለው፤ ጥፍር ሲያልፍበት ያዝ ያደርጋል። ከውስጡ የወጣው ደግሞ የሲሚንቶ ብናኝና ነጭ የቴፍሎን ቁራጭ ነው። አንድ ሰው ሆዝ ሲያስር ቴፍሎኑን እስከ ጥርሱ ጫፍ ጠቅልሎት ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ተራው ቫልቭ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሠርቷል። ያንተስ ስንት ቀን ይቆያል?

መሐንዲሱ፦ ብዙ አይቆይም።

ባለማሽኗ፦ ታዲያ ምን አስለፋን!

መሐንዲሱ፦ ልጨርስ እትዬ። ስፑልና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ተራው ቫልቭ ጥግ ድረስ በሙሉ ጉልበት ስለሚገፋ ቆሻሻውን እየፈጨ ያልፋል። ፕሮፖርሽናሉ መሀል ላይ እንዲቆም ስለሚጠየቅ ትንሽ ቅንጣት ቦታውን ታስለቅቀዋለች። አምራቾች ለፕሮፖርሽናል ቫልቭ በአይኤስኦ 4406 መለኪያ 18/16/13 አካባቢ ንጽሕና ይጠይቃሉ፤ ላላ የሚሉም አሉ። መጀመሪያ ያለው 18 ቁጥር በአንድ ሚሊሊትር ዘይት ውስጥ ከ4 ማይክሮን የሚበልጡ ቅንጣቶች ከ1,300 እስከ 2,500 ይሆናሉ ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ብዛቱ እጥፍ ይሆናል።

መካኒኩ፦ ይህን ማን ይቆጥርልሃል እዚህ? እኔ የምቆጥረው በዓይኔና በአፍንጫዬ ነው።

መሐንዲሱ፦ መቁጠር ባንችልም ማጣራት እንችላለን። ከፓምፑ በኋላ፣ ከቫልቩ በፊት የግፊት ማጣሪያ ይገባል። ሲሞላ ቀይ ምልክት የሚያወጣ ዓይነት አለ፤ ያን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አዲስ ዘይትም ከበርሜል በቀጥታ አይቀዳም፤ አዲስ ነው ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

መካኒኩ፦ በርሜሉንስ አይተኸዋል? ደጅ ቆሞ ነው ያለው። የክረምቱ ዝናብ ክዳኑ ላይ ይቋጥራል፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ በርሜሉ በጥርሱ በኩል ውኃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ነሐሴ ላይ የቀዳነው ዘይት ወተት መስሎ ነበር። በርሜል ይጋደም፣ ወይም ጣራ ሥር ይግባ እያልኩ ለፈለፍኩ።

ባለማሽኗ፦ እሱን ሰምቻለሁ ጋሼ፤ ቦታ የለኝም እንጂ።

መካኒኩ፦ በርሜል ማጋደም ያቃተው ግቢ ይህን ቫልቭ ሊያስተዳድር ነው? እኔ ቫልቩን አልጠላሁም፤ ቤቱ አልደረሰም ነው የምለው።

መሐንዲሱ፦ እኔ ደግሞ ቤቱ የሚደርሰው እንግዳ ሲመጣ ነው እላለሁ። ተራው ቫልቭ ሁሉን ስለሚችል ነው ማንም በርሜሉን ያላጋደመው። እስከዛሬ የቆሻሻውን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ፓምፑ ነው፣ የሲሊንደሩ ሲል ነው። ፓምፑ ስንት ጊዜ ተቀየረ?

ባለማሽኗ፦ ሁለቴ።

መሐንዲሱ፦ አየዎት? የቆሻሻ ዘይት ዋጋ ሲከፈል ኖሯል፤ ሒሳቡ የመጣው በፓምፕ ስም ነው።

መካኒኩ፦ ይህን ጥሩ ተናገርክ። ግን ያልከው ማጣሪያ ይግባ ነው እንጂ ቫልቩ ይግባ አይደለም። ማጣሪያው ለኔም ቫልቭ ይሆናል። አንተ ማጣሪያውን አስታከህ ቫልቭህን ልታስገባ ነው።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ ማጣሪያው ለሁለታችንም ይቁጠር። ግን ፕሮፖርሽናል የሚባለውን ነገር እንደ ባዕድ አይዩት። እርስዎ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር ጠግነው የኖሩ ሰው ነዎት። ኦፕሬተሩ ጆይስቲኩን ትንሽ ሲገፋ ቡሙ ትንሽ ይሄዳል፣ ብዙ ሲገፋ ብዙ። የብዙዎቹ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ሶሌኖይድስ? እሱ ፕሮፖርሽናል ነው። በአቧራ ውስጥ፣ በጭቃ ውስጥ ይሠራል።

መካኒኩ፦ ይሠራል። ግን እዚያ ስህተቱን የሚያርመው የኦፕሬተሩ ዓይን ነው። ቡሙ ትንሽ አልፎ ከሄደ መለስ ያደርገዋል፤ ሳያውቀውም ያደርገዋል። ያንተ ካርድ ዓይን አለው?

መሐንዲሱ፦ የለውም። የስፑሉን ቦታ የሚለካ ሴንሰር ያለው ዓይነት አለ፤ እሱ ዋጋው ይወጣል። ወደላይ ከሄድን ደግሞ ወላይታና ዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ላይ፣ በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት አለ። 10 ተርባይን፣ በጠቅላላ 1,870 ሜጋዋት። እንዲህ ያለ ተርባይን ላይ ውኃ የሚያስገቡትን ክንፎች የሚከፍትና የሚዘጋው በግፊት ያለ ዘይት ነው፤ ኤሌክትሪክ ፈላጊው ሲበዛና ሲያንስ በልክ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። በዝግና ክፍት ብቻ ቢሠራ ፍሪኩዌንሲው አይያዝም።

መካኒኩ፦ ልጄ፣ እዚያ በፈረቃ የሚያድር መሐንዲስ አለ፣ ዘይቱ ይጣራል፣ ይመረመራል። አንድ ተርባይን ሲቆም አገር ይሰማል። እዚህ ማሽን ሲቆም የሚሰማው ይቺ ሴትዮና ሰባት ልጆች ናቸው። ጊቤን ተወውና ወደ ሞልዱ ተመለስ። የምትገዛው ቫልቭ መጠኑ ስንት ነው?

መሐንዲሱ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ በደቂቃ 40 ሊትር ይሰጣል። ሲሊንደሩ ባለ 80 ሚሊሜትር ነው፤ 40 ሊትር ሲገባበት በሰከንድ 13 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ሻጩ ጋ ቢሄዱ «ለማንኛውም ተለቅ ያለውን ይውሰዱ» ይላል፤ ባለ 60 ሊትር ይሰጥዎታል። ካታሎጉ ላይ 60 የተባለው ግን ቫልቩ ላይ 10 ባር ብቻ ሲጠፋ የሚያልፈው ነው። እኛ 20 ባር ብናጠፋበት ፍሰቱ በእጥፍ ሳይሆን በ1.4 እጥፍ ይጨምራል፤ ወደ 85 ሊትር ያሳልፋል ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው 40። ግማሹን መንገድ እንኳን ሳይከፍት ይጨርሳል። ባለ 32 ሊትሩን ብንወስድ ግን በዚያው 20 ባር 45 ያሳልፋል። ስፑሉ መንገዱን በሙሉ ይጠቀማል፣ ቁጥጥሩም ይረቃል። ለተራ ቫልቭ ትልቅ መውሰድ አይጎዳም፤ ለዚህ ግን ይጎዳል።

መካኒኩ፦ ቆይ። ሞልዱ ሲላቀቅ ስንት ሊትር ነው የምትሰጠው?

መሐንዲሱ፦ አምስት ገደማ። በሰከንድ ከ2 ሴንቲሜትር በታች።

መካኒኩ፦ ከ45 ውስጥ አምስት፤ 11 በመቶ መሆኑ ነው። ሴንሰር የሌለው ቫልቭ ስህተቱ ስንት ነው አልከኝ ባለፈው?

መሐንዲሱ፦ ሂስተሬሲሱ 5 በመቶ ያህል።

መካኒኩ፦ 11 ላይ አምስት ማለት ግማሽ ነው! አንድ ጊዜ በሰከንድ አንድ ሴንቲሜትር፣ ሌላ ጊዜ ሁለት ተኩል። የኔ ማጥበቢያ በዚህ ይበልጥሃል፤ ያሰርኩበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

መሐንዲሱ፦ ጠንካራ ጥያቄ ነው። አምስቱ በመቶ ግን ስፑሉ አንዴ ከላይ ወርዶ፣ አንዴ ከታች ወጥቶ እዚያው ቁጥር ላይ ሲደርስ ያለው ልዩነት ነው። የኛ ማሽን ሁልጊዜ ከዝግ ተነስቶ ነው የሚከፍተው፤ ወደዚያች ነጥብ የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ነው። ስህተቱ ቢኖርም በየዙሩ ያው ስህተት ስለሚሆን አንዴ ሲቀናበር ይታረማል። ካርዱ ደግሞ ስፑሉን ሳያቋርጥ በስሱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰበቃ እንዳይዘው።

መካኒኩ፦ ጥሩ። ትርፉ 35 ሊትርስ? ፓምፑ እንደሆነ 40 መስጠቱን አያቆምም።

መሐንዲሱ፦ በሪሊፍ ቫልቭ ወደ ታንክ ይመለሳል።

መካኒኩ፦ በ140 ባር። በሒሳብህ ስንት ኪሎዋት ሙቀት ነው?

መሐንዲሱ፦ ስምንት ገደማ። ግን ከ20 ሰከንድ ዙር ውስጥ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሲደላደል ከአንድ ኪሎዋት በታች። የእርስዎም ማጥበቢያ ያው ነው የሚያደርገው።

መካኒኩ፦ የኔም ያው ነው፣ አልካድኩም። መብራት ሲጠፋስ? ሞልዱ አየር ላይ እንዳለ ጥፍት ቢል፣ አንዷ ልጅ እጇን ከታች ብታስገባ?

መሐንዲሱ፦ ስፕሪንጉ ስፑሉን ወደ መሀል ይመልሰዋል።

መካኒኩ፦ መሀል ላይ ያለ ስፑል ያንጠባጥባል። ተራውም ያንጠባጥባል፤ ያንተ ደግሞ ዜሮው ትንሽ ከተዛባ ኤሌክትሪክ እያለም ሞልዱ ይንፏቀቃል። በስፑል ብቻ ሸክም አይታመንም።

መሐንዲሱ፦ በዚህ አንከራከርም። ሲሊንደሩ ሥር ሸክም የሚይዝ ቫልቭ ይገባል፤ ሆዝ ቢበጠስ እንኳን ይይዛል። እጅ የሚገባበት ጊዜ ደግሞ የብረት ፒን። የቱም ቫልቭ ቢገዛ እነዚህ አይቀሩም።

ባለማሽኗ፦ እሺ እኔም ልጠይቅ። ማሽኑ ላይ ቫልቩ የሚቀመጥበት ብረት ተቦርቡሮ ከተሠራ በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ? ብረቱንም ልጥል ነው?

መሐንዲሱ፦ የለም። የብሎኑና የዘይት ቀዳዳው አቀማመጥ በዓለም አንድ ነው፤ አይኤስኦ 4401 ይባላል። በስድስት ቁጥር ልክ የተበሳ ብረት የጋሼን ተራ ቫልቭም የኔንም ይቀበላል።

መካኒኩ፦ እንግዲያማ በተራው እንጀምር። ካልሆነ በአራት ብሎን ያንተን እናስራለን።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ በተራው ከጀመርን አይቀየርም። ማሽኑ «ይሠራል» ይባላል፣ ከመቶው ስምንትና አሥር ብሎኬት መሰበሩ ይለመዳል። ሰባራውም ተፈጭቶ መልሶ ይደባለቃል፣ ኪሳራ አይመስልም። ሲሚንቶው ግን ተበልቷል።

ባለማሽኗ፦ እሱ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለታችሁም አልጠየቃችሁኝም። በብዛት የሚሰበረው ጠዋት ነው።

መካኒኩ፦ ምን?

ባለማሽኗ፦ ጠዋት ስንጀምር፣ ጉሙ ሳይገፈፍ። ፓምፑም ያን ጊዜ ይጮኻል። ረፋድ ላይ ድምፁ ይቀንሳል፣ ሰባራውም ያንሳል።

መካኒኩ፦ እንዲህ በይኛ! ዘይቱ 68 ቁጥር ነው። በአንጋጫ ጠዋት ብርድ፣ 15 ዲግሪ ላይ፣ ካታሎጉ ከሚለው ከሦስት እጥፍ በላይ ይወፍራል። እዚህ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ፓምፕ ዘይቱን ከታንክ የሚያገኘው አየሩ ስለሚገፋለት ነው፤ 2,300 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩቡን አጥቷል። ወፍራም ዘይት፣ ደካማ አየር፣ መምጠጫው ላይ የተደፈነ ወንፊት፤ ፓምፑ ተራበ ማለት ነው። ሲራብ አረፋ ያለው ዘይት ይልካል። አረፋው ሲሊንደር ውስጥ ይታመቃል፣ ሞልዱ ተይዞ ይቆይና ድንገት ይፈናጠራል። ይህን መመንጨቅ ያንተ ቫልቭ አያስቆመውም፣ የኔም አያስቆመውም።

መሐንዲሱ፦ ፓምፑ መራቡን እቀበላለሁ። በእርግጥም አረፋ ባለው ዘይት ላይ ፕሮፖርሽናል ቫልቭ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው። እትዬ፣ ከሰዓት በኋላስ ጨርሶ አይሰበርም?

ባለማሽኗ፦ ይሰበራል። ያንሳል እንጂ አይቀርም። ባለ 20 ላይ በተለይ።

መሐንዲሱ፦ እንግዲህ ዘይቱ ሞቆ፣ ፓምፑ ዝም ብሎም ይሰበራል። ያ የቫልቩ ነው።

መካኒኩ፦ ወይ የድብልቁ ነው። ከሰዓት በኋላ ፑሚሱ ደርቆ፣ ልጆቹም ደክመው ውኃ ሲያሳንሱ።

መሐንዲሱ፦ የድብልቁ ቢሆን ባለ 10ም እኩል ይሰበር ነበር። ባለ 20 ላይ የበዛው ሞልዱ ሰፊ ፊት ይዞ ስለሚጣበቅ ነው፤ ሲላቀቅ ዝግታ ይፈልጋል።

መካኒኩ፦ ዝግታውን እኔም እሰጣለሁ አልኩህ፤ በሁለት ቫልቭ።

መሐንዲሱ፦ በአንድ ልክ ይሰጣሉ። በባለ 20 ልክ ቢያስሩት ባለ 10 ሲሠራ ማሽኑ ያለ ምክንያት ይንቀራፈፋል፤ በቀን የሚወጣው ቁጥር ይወርዳል። ያንን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ባለማሽኗ፦ እኔ እቆጥረዋለሁ። ጋሼ፣ የመምጠጫውን ወንፊት ነገ ይፍቱት፤ ዘይቱም በቀጭኑ፣ በ46 ቁጥር ይቀየር፣ በርሜሉን ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። የግፊት ማጣሪያውንና የተበሳውን ብረት እገዛለሁ። ቫልቭ አሁን አልገዛም።

መሐንዲሱ፦ እስከ መቼ?

ባለማሽኗ፦ የጠዋቱና የከሰዓቱ ሰባራ ለየብቻ ይከመር፤ ባለ 20ውም ለብቻው። ከጥገናው በኋላ የሚቀረውን አይቼ ነው የምወስነው።

መካኒኩ፦ ትንሽ ከቀረ በሁለቱ ተራ ቫልቭ ይለቅ።

መሐንዲሱ፦ ትንሽ የሚሉት ስንት ነው ጋሼ? አሁኑኑ እንነጋገር፤ ከመቶ ስንት?